ለሐዋሳ ሐይቅ የፈጣን ጀልባ ሞተር አመራረጥ፦ ከክብደት ስሌት እስከ ፕሮፔለር ሙከራ

ፈጣን ጀልባ ለማሠራት ወይም ያለውን ጀልባ በተሻለ ሞተር ለማስታጠቅ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ፈረስ ጉልበት ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል አካባቢ በሚገኝ የአየር ግፊት ሲሆን፣ ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ነው። ክዳኑ ላይ 115 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ሲነሣ 115 አይሰጥም። በዚህ ሐይቅ ላይ ተገዝተው ባለቤቶቻቸውን ካሳዘኑ ሞተሮች ብዙዎቹ ምንም ብልሽት የለባቸውም፤ ሲመረጡ ከፍታው አልታሰበም፣ ወይም በውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለራቸው ለከፍታው አልተለወጠም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለሆቴሎች፣ ለጀልባ ማኅበራት፣ ለነፍስ አድን ሥራ እና ለግል መዝናኛ ከ60 እስከ 200 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለሚፈልጉ ነው። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር በፈጣን ጀልባ ለማቋረጥ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃ፣ ከ200 ፈረስ ጉልበት በላይ ላሉት ግዙፍ ሞተሮች እዚህ ሥራ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ፦ ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ የሚመዝነውን ይወቁ

የትኛውንም ሞተር ከማየትዎ በፊት የጀልባዎን ክብደት በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ባዶውን ጀልባ፣ ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ ቤንዚኑን፣ መልሕቁን፣ የነፍስ አድን ጃኬቶቹን እና ተሳፋሪዎቹን ሁሉ ይደምሩ። ለአንድ ሰው 75 ኪሎ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ደግሞ ከሦስት ሩብ ኪሎ ትንሽ ያነሰ መያዝ በቂ ነው። ለምሳሌ ባዶውን 700 ኪሎ የሚመዝን የስድስት ሜትር ፋይበር ጀልባ ሞተርና ባትሪ ሲጨመሩበት 900፣ ስድስት ሰው ሲሳፈርበት 1,350፣ 60 ሊትር ቤንዚንና ልዩ ልዩ ዕቃ ሲይዝ 1,430 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።

ይህ ድምር ለፈረስ ጉልበቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ስለ ጀልባው ባሕርይ ብዙ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ፈረስ ጉልበት 20 ኪሎ ገደማ የሚደርስ ከሆነ ጀልባው እንደ ምንም ብሎ ከውሃው ወጥቶ በገጹ ላይ መንሸራተት ይችላል፤ አንድ ሁለት ሰው ሲጨመር ግን አፍንጫውን ሰቅሎ፣ ጅራቱን እየጎተተ፣ ቤንዚን እየበላ ይቀራል። ፈጣን የሚባለው ጀልባ 12 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ያስፈልገዋል።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮችን ያጣሩ። አንደኛው በጀልባው ላይ የተለጠፈው የአምራቹ ሰሌዳ የሚፈቅደው ከፍተኛ የሞተር ጉልበት ነው። አንዳንዱ ሰሌዳ በኪሎዋት ስለሚጽፈው፣ አንድ ፈረስ ጉልበት ከሦስት አራተኛ ኪሎዋት በትንሹ እንደሚያንስ ያስታውሱ። አገር ውስጥ የተሠራና ሰሌዳ የሌለው ጀልባ ከሆነ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ትራንሰም የሚባለው የኋላ ግድግዳ ክብደቱንና ግፊቱን እንደሚችል ሠሪውን በጽሑፍ ያስረጋግጡ። ሁለተኛው የትራንሰሙ ቁመት ነው። ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ጀልባው ወለል ዝቅተኛ መስመር ሲለካ 38፣ 51 ወይም 64 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወጣል፤ የሞተሩ ሻፍት ርዝመትም በዚሁ ልክ አጭር፣ ረጅም ወይም በጣም ረጅም ተብሎ ይታዘዛል። በተሳሳተ ርዝመት የተገዛን ሞተር በማስተካከያ ብረት መጠገን ለፈጣን ጀልባ አይመከርም።

ሁለተኛ፦ ከፍታው የሚወስደውን ጉልበት ይቀንሱ

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በሲሊንደሩ ውስጥ በሚገባው አየር መጠን ነው። በ1,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 82 በመቶ ገደማ ነው። አየርን በግፊት የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር የሌለው ማንኛውም ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ለሐዋሳ ከ17 እስከ 18 በመቶ መቀነስ ከእውነታው አያርቅም። በዚህ ስሌት 115ቱ ወደ 94፣ 150ው ወደ 123፣ 200ው ደግሞ ወደ 164 ይወርዳል። ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት በኋላ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ ከዚህም ትንሽ ዝቅ ይላል።

ወደ ምሳሌው ጀልባ እንመለስ። በወረቀት ላይ 1,430 ለ115 ሲካፈል 12.4 ኪሎ ስለሚሰጥ ሻጩ «ይበቃዎታል» ቢል አይፈረድበትም። በሐይቁ ላይ ግን 1,430 ለ94 ይካፈላል፤ ውጤቱም 15.2 ነው። 150 የሚለው ሞተር 40 ኪሎ ያህል ክብደት ቢጨምርም 1,470 ለ123 ሲካፈል ወደ 12 ይመልሰዋል። በአጭሩ፣ በባሕር ዳርቻ ያለ ጀልባ በ115 የሚሠራውን ሥራ ሐዋሳ ላይ ለመሥራት 150 ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ፍጥነት በዚያው ልክ አይጨምርም። በውሃው ገጽ ላይ ለሚንሸራተት ጀልባ ፍጥነት በግምት የጉልበትን ስኩዌር ሩት ተከትሎ ያድጋል፤ ጉልበቱ በእጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ይሆናል። ከ115 ወደ 150 መሸጋገር 30 በመቶ ጉልበት ሲጨምር፣ የሚገኘው የፍጥነት ጭማሪ የክብደቱ ተቀናሽ ሳይታሰብ 14 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ሞተር በእርግጥ የሚክሰው በከፍተኛው ፍጥነት ላይ አይደለም፤ የሞላ ጀልባን በጥቂት ሰከንድ ከውሃው አውጥቶ ከዚያ ነዳጁን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ መሄድ በማስቻሉ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለ 2 ስትሮክ ወይስ ባለ 4 ስትሮክ

ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ፒስተኑ በሁለት ምት፣ ባለ 4 ስትሮክ ደግሞ በአራት ምት አንድ ጊዜ ቤንዚን የሚያቃጥል ነው። በምርጫው ላይ ማመንታት አያስፈልግም፤ ለሐዋሳ ሐይቅ በኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ በሚረጭ ዘዴ፣ የሚሠራ ባለ 4 ስትሮክ ይምረጡ። ቤንዚኑን በቀዳዳ እያፈሰሰ ከአየር ጋር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው ባለ 2 ስትሮክ ሞተር ቀላል፣ ርካሽ እና በማንም መካኒክ የሚጠገን መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ዘይት ከተቀላቀለበት ቤንዚን ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ሳያቃጥል ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ይለቀዋል። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን የመሰለ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ወደ ውስጡ የፈሰሰውን ጠርጎ የሚወስድለት የለም። ከዚሁ ውሃ ውስጥ የወጣው ቆሮሶና አምባዛ የተባለው ዓሣ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ላይ ተበልቶ ይታደራል። ጀልባ የሚነዳ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል፤ እኔም ሰው ሲያማክረኝ ከዋጋ በፊት የምናገረው ይህንኑ ነው።

ከከፍታው አንጻርም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን ለባሕር ጠለል የተበጀውን ቤንዚን ማፍሰሱን ስለሚቀጥል፣ ቀዳዳው በአነስተኛ ካልተቀየረ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ቤንዚኑም ይባክናል።

ሱፐርቻርጀር ያላቸው ሞተሮች በዚህ ከፍታ ላይ ጉልበታቸውን በተሻለ ይጠብቃሉ። ሜርኩሪ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያወጣቸው የቀድሞዎቹ ቬራዶ ሞተሮች የዚህ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን ከተራው ሞተር የበለጠ የቤንዚን ጥራት የሚሹ እና ልዩ መለዋወጫ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ መካኒኩንና መለዋወጫውን አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው ባይገባባቸው ይሻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ደግሞ አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ለአጭር ጉዞ ሊታሰብ የሚገባው ሲሆን የባትሪው ክብደት ግን ለፈጣን ጀልባ ከባድ ሸክም ነው።

አራተኛ፦ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ ሞተሮችን በሊትር ያነጻጽሩ

በክዳናቸው ላይ 115 የተጻፈባቸው አራት ሞተሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። የያማሃው 1.8 ሊትር፣ የሱዙኪው 2.0፣ የሜርኩሪው 2.1፣ የሆንዳው ደግሞ 2.4 ሊትር ነው። የሲሊንደሮቹ ይዘት ሰፊ የሆነው ሞተር ያንኑ 115 ፈረስ ጉልበት ሳይጨናነቅ የሚሰጥ ሲሆን፣ በተለይ በመካከለኛው ዙር፣ ማለትም ጀልባው ከውሃው ለመውጣት በሚታገልበት ሰዓት፣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይበልጣል። አየር በሳሳበት ከፍታ ይህ ትርፍ ይዘት ዋጋ አለው። በሌላ በኩል የሆንዳው ክብደት ከ215 ኪሎ በላይ ሲሆን የሜርኩሪው 163 ኪሎ ብቻ ነው፤ ትራንሰሙ ደካማ ለሆነ ወይም አጭር ለሆነ ጀልባ የ50 ኪሎ ልዩነት ጅራቱን ውሃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የሆንዳው 115 እና 150 በአንድ ዓይነት የ2.4 ሊትር ሞተር ላይ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ያን ክብደት ለመሸከም የወሰነ ሰው 150ውን ቢወስድ ይሻለዋል።

በ150 ደረጃ የሜርኩሪው 3.0 ሊትር እና 206 ኪሎ ገደማ፣ የሱዙኪው 2.9 ሊትር፣ ለረጅም ዓመታት ሲሸጥ የቆየው የያማሃ ኤፍ 150 ደግሞ 2.7 ሊትር ነው። ለምሳሌው ጀልባ ከእነዚህ ውስጥ ምርጫዬ ከቀላል ክብደት ጋር ሰፊ ይዘት ያለው የመጀመሪያው ነው። ይህ ግን በአቅራቢያ ሊጠግነው የሚችል ሰው እስካለ ድረስ ነው፤ ከሌለ ምርጫዬን ያለ ቅሬታ ለያማሃው እለቅቃለሁ። ስለዚህ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ የቤንዚን ማጣሪያ፣ ካንዴላ እና ፕሮፔለር ከየት በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው መካኒክ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱ «እናፈላልጋለን» ከሆነ ያ ሞተር ለእርስዎ አይደለም።

ለውድድር የተቃኙት ዓይነቶች፣ ለምሳሌ የሜርኩሪው ፕሮ ኤክስኤስ እና የያማሃው ቪ ማክስ ኤስኤችኦ፣ የገዢን ዓይን ይስባሉ። የሜርኩሪውን ብንወስድ ተራው 115 ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር በደቂቃ ሲሠራ፣ የፕሮ ኤክስኤሱ ጣሪያ 6,300 ነው። ትርፉ የሚገኘው ከዙሩ ጫፍ ስለሆነ ሁለት ሰው ለሚይዝ ቀላል ጀልባ ያምራል። ስድስት መንገደኛ ለሚጭን ጀልባ ግን ትልቅ የማርሽ ሳጥንና ትልቅ ፕሮፔለር የሚይዘው ዓይነት ይበልጣል፤ በዚሁ በሜርኩሪ 115 ላይ የተራው የማርሽ ሬሾ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ የሚዞረው ብዛት፣ 2.07 ሲሆን፣ ኮማንድ ትረስት የሚባለው 2.38 ነው።

አምስተኛ፦ ያገለገለ ሞተር የሚገዙ ከሆነ

ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ የሠሩት በጨው ውሃ ላይ ነው። ክዳኑን አንሥተው የቴርሞስታቱን መያዣ ዙሪያ እና የቡሎኖቹን ሥር በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት የወጣበት ከሆነ የማቀዝቀዣ መንገዶቹም በዚያው ልክ መጥበባቸውን ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቅበትን ግፊት፣ ይለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በባሕር ጠለል 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ሐዋሳ ላይ ሲለካ 148 አካባቢ ነው የሚያሳየው። የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚለካ ሰው ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ዋናው መመዘኛ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 በመቶ ከበለጠ ይተዉት።

ከዚያ የማርሽ ሳጥኑን የታችኛውን ቡሎን ፈትተው ጥቂት ዘይት በነጭ ዕቃ ላይ ያንጠባጥቡ። ጥርት ያለ ወይም የጠቆረ ዘይት አያስጨንቅም። ወተት የመሰለ ከሆነ ግን ውሃ ገብቶበታል። ይህን ችግር በሐዋሳ በብዛት የሚያመጣው የዓሣ ማጥመጃ መረብና ክር ነው፦ ቀጭኑ ናይለን ከፕሮፔለሩ ጀርባ በሻፍቱ ላይ ይጠመጠማል፣ በሙቀት ይጠብቃል፣ የዘይቱን መዝጊያ ጎማ እየገዘገዘ ይገባል። ፕሮፔለሩን አስወልቀው ከጀርባው ያለውን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የተጋገረ ክር ካገኙ የጎማውንና የኩሽኔታውን ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ያስቀንሱ። የራስዎ ሞተር ሲሆንም ይህን ፍተሻ በየጊዜው ይድገሙት።

ሞተሩ የኮምፒውተር ንባብ ካለው የሠራበትን ጠቅላላ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በየትኛው ዙር ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይጠይቁ። የኤቪንሩድ ኢ-ቴክ ሞተሮችን በተመለከተ፣ አምራቹ ቢአርፒ እ.ኤ.አ. በ2020 ምርታቸውን ያቆመ በመሆኑ፣ ሞተሮቹ ጥሩ ሆነው ሳለ ወደፊት መለዋወጫቸው እየራቀ እንደሚሄድ ይገንዘቡ።

በባሕር ላይ የሠራ ሞተር ሲገዙ ራሳቸው እየተበሉ ሞተሩን ከዝገት የሚከላከሉትን ተሰዊ ብረቶች ዓይነትም ያጣሩ። ዚንክ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ገጹ ተሸፍኖ ሥራውን ያቆማል፤ ለሐይቅ ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ይሁን።

ስድስተኛ፦ ቤንዚን

በሙሉ ነዳጅ የሚሠራ ባለ 4 ስትሮክ ሞተር ለእያንዳንዱ ፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 0.38 ሊትር ይጠጣል። 150ው እዚህ ከፍታ ላይ በሚሰጠው 123 ፈረስ ጉልበት ሲሰላ በሰዓት ወደ 47 ሊትር ማለት ነው፤ በ4,000 ዙር ሲነዳ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። የኦክቴን ቁጥር ሲያነቡ ሁለት የአለካክ ዘዴዎች እንዳሉ ይወቁ፦ በአሜሪካ መመሪያ 87 የሚባለው በአውሮፓው አጻጻፍ 91 ገደማ ነው። በበርሜል የቆየ ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ስለማያጣ፣ ከታንከሩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው መስመር ላይ ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ማጣሪያ ሳይገጠም ኢንጀክሽን ሞተር አይነሣ።

ሰባተኛ፦ ፕሮፔለሩን በሙከራ ይምረጡ

ጥሩ ሞተር በተሳሳተ ፕሮፔለር ይበላሻል። ፕሮፔለር በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ አንደኛው ስፋቱ ሲሆን ሁለተኛው ፒች የሚባለው፣ በአንድ ዙር ሳያንሸራትት ቢሄድ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ ሁለቱም በኢንች ይለካሉ። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፒች ሐዋሳ ላይ ይከብዳል። ሞተሩ የታዘዘለት ዙር ላይ ሳይደርስ በጭንቀት ስለሚሠራ ይግላል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሙከራውን በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣና ማዕበሉ ሳይጀምር፣ ጀልባው ዘወትር የሚይዘውን ሰውና ዕቃ ጭኖ ያድርጉ። ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ የሚያወጡት በዚሁ ሰዓት ስለሆነ፣ ከመረቦቹና ጉማሬ ከሚያዘወትርበት የደንገል ዳርቻ ርቀው ቀጥ ያለ መስመር ይምረጡ። ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ዙሩ ሲረጋ የዙር መለኪያውን እና የስልክዎን ጂፒኤስ ፍጥነት ይመዝግቡ፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ይድገሙና አማካዩን ይያዙ። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ለምሳሌ እስከ 5,800 ዙር የተፈቀደለት የሜርኩሪ 150 በ17 ፒች 5,200 ላይ ከቆመ፣ ወደ 15 ሲወርድ ከ5,500 እስከ 5,600 ይደርሳል። ዒላማው ሙሉ ጭነት ይዞ ከተፈቀደው ክልል የላይኛው ግማሽ ላይ መድረስ ነው፤ ጀልባው ባዶውን ሲሆን ደግሞ ከጣሪያው እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

ውጤቱን በስሌት ይፈትሹ። ዙሩን በፒቹ አባዝተው በ0.001524 ያባዙት፤ ከዚያ ለማርሹ ሬሾ ሲያካፍሉት ሳያንሸራትት ሊደርስ የሚችለውን ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ። ዙሩ 5,600፣ ፒቹ 15፣ ሬሾው 1.92 ሲሆን 66.7 ይወጣል። ጂፒኤሱ 57 ካሳየ መንሸራተቱ 14.5 በመቶ ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጤነኛ ነው። ከ20 ካለፈ ፕሮፔለሩ ተጎድቷል፣ ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሮ አየር እየሳበ ነው።

ለመሞከሪያ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ይጠቀሙ። የማይዝገው ብረት ስለማይታጠፍ ፍጥነት ይጨምራል፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ግጭቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። ትክክለኛው ፒች ከታወቀ በኋላ ይግዙት፤ አሉሚኒየሙንም በመጠባበቂያነት ከመፍቻው ጋር ጀልባው ላይ ያኑሩት።

ስምንተኛ፦ አገጣጠምና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው የታችኛው መስመር ጋር እኩል ወይም ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ሞተሩን ያሳስሩ። ከ100 ፈረስ ጉልበት በላይ ለሆነ ሞተር መሪው ሃይድሮሊክ ይሁን፤ በኬብል የሚሠራው በፍጥነት ላይ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል። ነጂው በወደቀ ጊዜ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ሁልጊዜ ከነጂው አካል ጋር ይታሰር፤ ያለ እሱ የሚነዳ ፈጣን ጀልባ ውሃ ውስጥ ላሉት ሁሉ አደጋ ነው። በእንጨት ጀልባ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አጠገብ ሲደርሱ አስቀድመው ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ፈጣን ጀልባ ከኋላው የሚተወው ማዕበል ጀልባቸውን ይገለብጠዋልና።

አዲስ ሞተር ከሆነ በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት በአንድ ዙር ላይ ለረጅም ጊዜ ሳያቆዩ፣ እያቀያየሩ፣ ሙሉ ነዳጅ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየሰጡ ይንዱት። በየጉዞው መነሻ ላይ ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን የውሃ ፍሰት ይመልከቱ፤ ከቀጠነ ያጥፉትና የውሃ መሳቢያውን ከአልጌና ከሣር ያጽዱ። ዳርቻው አሸዋማና ደለላም ስለሆነ የውሃ ፓምፑ ጎማ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። ብዙዎቹ አምራቾች የመጀመሪያውን የሞተርና የማርሽ ዘይት ለውጥ በ20ኛው ሰዓት ያዝዛሉ። በዚያን ጊዜ በማርሹ ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ሞተሩን ሳያስነሡ ዋስትናውን ይዘው ወደ ሻጩ ይሂዱ።